ተኝቶ ማገልገል

እግዚአብሔርን ቆሞ ያገለገለ ብዙ ነው። ተንበርክኮም፣ ዘምሮም፣ ሰብኮም፣ ግቢ ጠርጎም ያገለገለ አለ። እኔ ግን ተኝቼ ነው ያገለገልኩት። አሥራ አንድ እሁድ፣ በጀርባዬ፣ ብርድ ልብስ እስከ አገጬ ስቤ። ይህን የማወራው ለመመጻደቅ እንዳይመስላችሁ፤ ለመመጻደቅ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር እመርጥ ነበር። በፒጃማ የጸደቀ ሰው በየትኛውም የቅዱሳን ሥዕል ላይ አላየሁም።

ስለ አገልግሎት አንድ የታዘብኩት ነገር አለ። ወዳጆቼ በእኔ መቀየም ከጀመሩ ብዙ ዓመት ስለሆናቸው አሁን ብጽፈው የሚጨምርባቸው የለም። «ጌታን ላገልግል» ብሎ የመጣ ሰው ሁሉ፣ ልቡን ከፍታችሁ ብታዩት ውስጡ መድረክ አለ። መድረክ ከሌለ ማይክሮፎን አለ። ማይክሮፎን ከሌለ ደግሞ መድረክ ላይ ማን እንደሚወጣ የሚወስን ኮሚቴ አለ። «ወንበር የመደርደር ሸክም አለኝ» ያለ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። መጥረጊያ አይቶ ጥሪ የመጣለትም የለም። ጥሪ የሚመጣው ሁልጊዜ ከፍ ካለ ቦታ ነው፤ የሚጠራውም ወደ ከፍታ ነው። እኔም ያው ነበርኩ።

ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት እሠራለሁ፤ ፋይል አወጣለሁ፣ ፋይል እመልሳለሁ፣ በመካከሉ እጄ የገባውን ሁሉ አነባለሁ። ከማንበቤ ብዛት የተነሣ ሰው አፉን ከፍቶ ሳይጨርስ አርመው ነበር። ንፋስ ስልክ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ከአምስት አባወራ ጋር በምጋራው ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ነበረችኝ። ከእኛ በታች እስከ ላፍቶ ድረስ ያኔ ማሳ ነው፤ የመውቂያ ሰሞን ነፋስ ከተነሣ ጭዱ በመስኮቴ ገብቶ መጽሐፌ ላይ ያርፋል።

ጊዜው ሰባዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ጸሎት ቤታችን ተዘግቶ መጋዘን ሆኗል። ስለ ጨው ያን ያህል ጊዜ የተሰበከበት ቤት ውስጥ በመጨረሻ እውነተኛ ጨው በኩንታል ገባበት። እኛም በየቤቱ ተበትነን፣ አሥራ አምስትም ሃያም እየሆንን በስውር መሰብሰብ ጀመርን። ነገሩ ጨዋታ አልነበረም። ከወንዙ ማዶ እንደኛው ይሰበሰብ የነበረ ቡድን አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ተይዞ፣ ወንዱም ሴቱም ራሱን ተላጭቶ፣ ሦስት ወር ታስሮ ወጥቷል። መሪያቸው ግን ከሌሎቹ ጋር አልወጣም፤ ወዴት እንደተወሰደም የሚያውቅ አልነበረም። ስለዚህ ሌት ተቀን የሚያስጨንቀን ጥያቄ አንድ ነበር፤ «ሃያ ሰው በአንድ ቤት ምን ይሠራል?» ብሎ የሚመጣ ሰው ምን ይባላል?

መጀመሪያ ልደት ሞከርን። አንዲት እህት የአራት ዓመት ልጅ ስለነበራት በየሁለት ሳምንቱ ድፎ ዳቦ እየተጋገረ ልደቱን አከበርንለት። ልጁ በሁለት ወር ውስጥ አራት ጊዜ አምስት ዓመት ሞላው። ጎረቤቶቿ «ይኼ ልጅ አምስትን ምነው እንዲህ ወደዳት» ማለት ሲጀምሩ ተውነው። ቀጥሎ ሽምግልና ሞከርን፤ የተጣሉ ባልና ሚስት እናስታርቃለን በሚል። ባልና ሚስቱ ለማስመሰል የጀመሩት ጠብ እየጣማቸው ሄዶ በሦስተኛው እሁድ በእውነት ተጣሉ። እነሱን ማስታረቅ ራሱን የቻለ ሥራ ሆነብንና ስብሰባው ቀረ።

መፍትሔውን ያመጡት መሪያችን ጋሽ ዳና ናቸው። ጋሽ ዳና ከወላይታ የመጡ አናጺ ናቸው። የሠፈሩን በርና መስኮት፣ አልጋና ቁም ሣጥን የሚሠሩት እሳቸው ናቸው፤ ዕድሩም የሬሳ ሣጥን የሚያሠራው እሳቸው ዘንድ ነው። ቃልን እንደ ምስማር ይቆጥባሉ፤ አንድ መትተው ይበቃቸዋል።

«በሽተኛ ያስፈልገናል» አሉ።

እስቲ አስቡት። ለሠርግ ጥሪ፣ ለስብሰባ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በሽተኛ ለመጠየቅ ግን ማንም ማንንም አያስፈቅድም። እንዲያውም የሚያስወቅሰው መቅረት ነው። ጠያቂ ሳይጠራ ይመጣል፣ ያገኘው በርጩማ ላይ ይቀመጣል፣ ሦስት ሰዓት ቢቆይ ለምን አይባልም፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቢጸልይም የሚደነቅ የለም። አብዮቱ ከታች እስከ ላይ ያልነካው ነገር አልነበረም፤ ሐበሻን በሽተኛ መጠየቅ ማስተው ግን እሱም አልሞከረውም።

እኔ በዚያን ሰሞን ሌላ ሐሳብ ላይ ነበርኩ። ከስድስት ወር በፊት ለጋሽ ዳና አገልግሎት እንዲሰጡኝ ጠይቄአቸው ነበር። አገልግሎት ስል ስብከት ማለቴ እንደሆነ መቼም ገብቷቸዋል። ተዘጋጅቼም ነበር፤ ሠላሳ ስምንት ገጽ፣ በሁለት በኩል የተጻፈ፣ ርእሱ «ስለ ትሕትና»። በዚህ ርእስ ላይ በአዲስ አበባ ከእኔ የተሻለ የሚናገር ሰው አለ ብዬ አላምንም ነበር።

አንድ ማክሰኞ ማታ ጋሽ ዳና ቤቴ መጡ።

«አገልግሎት ጠይቀኸኝ ነበር አይደል?»

«አዎ ጋሽ ዳና።»

«ተገኘልህ።»

ሠላሳ ስምንቱን ገጽ ከፍራሼ ሥር ላወጣ ጎንበስ ስል፣

«ትታመማለህ» አሉኝ።

ለምን እኔ ብዬ ተከራከርኩ። ሚስት የለህም፣ ቤትህ ሁለት ክፍል ነው፣ አልጋህን እኔ ስለሠራሁት ጠንካራ ነው አሉ። ጨርሰው ከወጡ በኋላ ከደጅ ተመለሱና «መልክህም ለበሽታ ይሆናል» ብለው ሄዱ።

ምን ልታመም በሚለው ላይ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው መከሩ። ሳንባ ቢባል ጠያቂ ይሸሻል። ወባ ቢባል ከሁለት ሳምንት አያልፍም። ጨጓራ ቢባል ለጨጓራ ማን አልጋ ላይ ይውላል። በመጨረሻ ወገብ ተባለ። ወገብ የተባረከ በሽታ ነው። ራጅ አያየውም፣ ሐኪም ሊክደው አይችልም፣ ሰኞ ቢሮ አስገብቶህ እሁድ ቢጥልህ ለምን አይባልም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ላይ ብቻ ነው፤ በየትኛው በኩል እንደምታነክስ መርሳት የለብህም። እኔ በየሳምንቱ እረሳ ነበር። የመሥሪያ ቤታችን ዘበኛ አንድ ሰኞ ጠዋት አቁሞኝ ባለፈው በግራ አልነበረም ወይ ሲለኝ፣ ዞሮብኝ ነው አልኩት። አንገቱን ነቅንቆ አዘነልኝ።

ሥርዓታችን እንዲህ ነበር። ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ ስላለ ጠያቂዎቼ የሚመጡት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው፤ ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ እያንዳንዱ ብርቱካን ይዞ። መጽሐፍ ቅዱሱ የሚቀመጠው በብርድ ልብሴ ሥር፣ ከጉልበቴ በታች ነው። የሚያነብ ሰው ጉልበቴን እንደሚያሽ ሆኖ እጁን ይሰድና ያወጣዋል። መዝሙር በከንፈር ብቻ ነው፤ ጭብጨባ በጣት ጫፍ። ሰው ከመጣ ጋሽ ዳና ጉሮሯቸውን ጠርገው «እግዜር ይማርህ» ይሉኛል፤ ያን ጊዜ ስብከቱ ይቆምና ሁሉም ስለ ወገብ ማውራት ይጀምራል። ጮክ ብሎ «አሜን» የማለት መብት የነበረኝ በዚያ ቤት ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ለ«ይማርህ» መልሱ እሱ ስለሆነ። ሌሎቹ አሜናቸውን እየዋጡ ይሄዱ ነበር። ጸሎት ቤቱ ከተዘጋ ጀምሮ አንድ ዓመት ተኩል የተዋጠ አሜን ሆድ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ሐኪም ቢያጠናው ጥሩ ነበር።

የእኔ ስቃይ ግን ሌላ ነው። አልጋዬ ዙሪያ የሚሰብኩት ወንድሞች ከእኔ ያነሰ ያነበቡ ናቸው። በሦስተኛው እሁድ አንዱ ሰባኪ ንጉሥ ከንጉሥ ጋር ተምታቶበት፣ የልጁን ኃጢአት ለአባቱ ሰጥቶ ሲያለቅስ ሰማሁት። ልታገሥ ሞከርኩ። አልቻልኩም። ጣቴን ከብርድ ልብሱ ውስጥ አውጥቼ ቀና ስል ጋሽ ዳና ግንባሬን ይዘው መልሰው አጋደሙኝ።

«ታመም» አሉኝ በሹክሹክታ።

እኔም ታመምኩ። ከዚያ በኋላም ስንት ስሕተት በላዬ ላይ እንዳለፈ እኔና ኮርኒሱ ነን የምናውቀው።

ያላሰብነው ነገር ምን መሰላችሁ? በሽታዬን ጠያቂ ለመሰብሰብ ስንፈጥረው፣ እውነተኛ ጠያቂም እንደሚመጣ ማንም አላሰበም። የመጀመሪያዋ የግቢያችን ሰው እትዬ ዘነቡ ናቸው። እትዬ ዘነቡ የሰው ጉዳይ የሚያማቸው ሴት ናቸው፤ የራሳቸው ጉዳይ ስለሌላቸው ሳይሆን አይቀርም ከእኔ በሽታ ጋር በፍቅር የወደቁት። በአራተኛው እሁድ አጥሚት ይዘው መጡ። በአምስተኛው ጸበል አመጡና ሳላስበው ፊቴ ላይ ረጩብኝ፤ የዘለልኩትን ዝላይ ወገቡን የሚያመው ሰው አይዘልም፤ እሳቸው ግን ጸበሉ ሠራ ብለው አጨበጨቡ። በስድስተኛው ወጌሻ አመጡ።

ወጌሻው በሬ የሚያክል ሰው ነው። ጠያቂዎቼ ዙሪያውን ተቀምጠው እያዩ በሆዴ አስተኛኝና ጣቱን ወገቤ ላይ እየጫነ «እዚህ ነው?» ይለኛል። እዚህ አይደለም ካልኩ ሌላ ቦታ ይጫናል። እዚህ ነው ካልኩ እዚያው ይጸናል። መልስ የሌለው ጥያቄ መሆኑ ሲገባኝ ጮህኩ። «አገኘሁት» አለና ጉልበቱን አገባበት። የሆነ ነገር ቋ አለ። አሥራ ዘጠኝ አማኝ ፊቱ የተጋደመ ሰው በእውነት ሲሠቃይ እያየ፣ አንድም ሰው «በሽታው እኮ የውሸት ነው» ብሎ አፉን መክፈት አይችልም። ስለ እምነቱ መከራ የተቀበለ ሰው ስም ሲጠራ እኔም በጽሞና እሰማለሁ፤ በወጌሻ የተሠቃየ ግን እስካሁን ከእኔ በቀር አልተመዘገበም። ሰኞ ቢሮ ስገባ በሁለቱም በኩል አነከስኩ።

ከዚያ በኋላ በሽታው ከእጃችን ወጣ። ወሬ እንደ እርሾ ነው፤ ተሸፍኖ ሲያድር ነው የሚነሣው። ከእትዬ ዘነቡ ቤት ወገብ ሆኖ የወጣው ወፍጮ ቤቱ ጋ ኩላሊት ሆኖ ደረሰ፣ ከጋሽ ረዲ ሱቅ ጉበት ሆኖ ተመለሰ። ባለ ሱቁ ጋሽ ረዲ ራሳቸው እሁድ ሱቃቸውን ዘግተው መጥተው «አላህ ያሽርህ» አሉኝና ዓይኔን ገልበጥ አድርገው አይተው፣ ወጥተው ደጅ ላይ ቢጫ ነው አሉ። በዘጠነኛው ሳምንት በሠፈሩ ወሬ እኔ መስከረምን የማላይ ሰው ነበርኩ።

በዚሁ ሳምንት ጋሽ ዳና ዓይናቸውን ሰብረው ገቡ። እጃቸው ላይ ሜትር አለ።

ምንድነው ብላቸው፣ የዕድሩ ሰዎች መጥተው ነበር አሉኝ። ልጁ ረጅም ስለሆነ በኋላ እንዳንቸገር አስቀድመህ ለካው፣ ጥሩ ጣውላም ከጠፋ ሰንብቷልና ፈልግ ብለዋቸዋል። አይ ቢሉ ምክንያቱን ይጠየቃሉ። አዎ ብለው ሳይለኩ ቢቀሩ ውሸት ይሆንባቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ ውሸት አይዋሹም፤ ማስዋሸት ላይ ነው የበረቱት። እኔም ቀጥ ብዬ ተኛሁ፤ እሳቸውም ለኩኝ። ሜትሩን ሲጠቀልሉ ቀስ ብለው «ትንሽ አጠር ብትል ጥሩ ነበር» አሉ፤ ስለ ጣውላው ማሰባቸው ነው።

አሥራ አንደኛው እሁድ ላይ ጓድ አበራ መጣ።

ጓድ አበራ የቀበሌያችን ካድሬ ነው። በዕድሜ ከእኔ ብዙ አይበልጥም። ሳቁን ያየ የለም፤ ሰላምታውም ሰው ላይ እንደ መጥሪያ ነው የሚያርፈው። በአንድ በኩል ሲመጣ ሰው መንገዱን አቋርጦ በሌላ በኩል ይሄዳል። የዚያን ዕለት መዝሙር ላይ ነበርን፤ አሥራ ዘጠኝ ከንፈር ያለ ድምፅ ሲንቀሳቀስ በሩ ተከፈተ። ጋሽ ዳና ጉሮሯቸውን ለመጥረግ እንኳ ጊዜ አላገኙም። ደግነቱ እትዬ ዘነቡ ተከትለውት ገቡ፤ አጥሚቱን ይዘው።

በርጩማ ስቦ አልጋዬ ራስጌ ተቀመጠ። ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ። በሽታው ምን እንደሆነ ጠየቀ። ከግራ በኩል ወገብ ተባለ፣ ከቀኝ ኩላሊት፣ እትዬ ዘነቡ ደግሞ ጉበቱ አልቋል አሉ። ሦስቱንም ጻፋቸው። ከዚያ ወደ ጋሽ ዳና ዞረና፣

«አንተ አናጺ፣ ለምንድነው ይሄ ሰው እሁድ እሁድ የሚብስበት?» አለ።

ከወንዙ ማዶ ያልተመለሰው ሰው በሁላችንም ፊት ላይ ይታይ ነበር። ከጉልበቴ በታች ያለው መጽሐፍ የወፍጮ ድንጋይ አከለኝ። ጋሽ ዳና ጎንበስ ብለው «ሌላውን ቀን ሥራ ላይ ስለሆንን አናየውም ጓድ» አሉ። ይህም ከተጻፈ በኋላ ጓድ አበራ ይሄዳል ብለን ጠበቅን። አልሄደም። እግሩን አጣምሮ ተቀመጠ። አንድ ሰዓት ሞላ። የምናወራው የወገብ ወሬ አለቀ፤ የሌላም ሰው ወገብ ተወራና አለቀ።

አዲስ ወሬ ያመጡት እትዬ ዘነቡ ናቸው። ትኩር ብለው አዩኝ፤ ላብ አጥምቆኛል፣ ከንፈሬ ይንቀጠቀጣል። ፍርሃት መሆኑን በምን ይወቁ።

«እንግዲህ ምን ቀረ?» አሉ። «የቀበሌው ሰው እዚህ፣ ምስክር እዚህ። ልጁ ይናዘዝ እንጂ። ነገ ዘመድ ነኝ ባይ ሲፈላ ምን ልንል ነው?»

ጓድ አበራ አዲስ ገጽ ገለጠ። «ይናዘዝ» አለ።

ያንን ጊዜ ስንት ዓመት ስጠብቀው እንደነበር አስቡት። ቤቱ ሙሉ ሰው ዓይን ዓይኔን ያያል፣ ንግግሬን የሚጽፍ ጸሐፊ ራስጌዬ ተቀምጧል፣ ሠላሳ ስምንቱ ገጽ በቃሌ ነው። አፌን ከፈትኩ። ከሠላሳ ስምንቱ ገጽ አንድ ቃል የለም። የመጣልኝ ሬዲዮኔ ነው። ሬዲዮኔን ለእትዬ ዘነቡ አልኩ። ካፖርቴን ለጋሽ ዳና አልኩ፤ ለቁመታቸው እንደማይሆን እያወቅሁ። መጻሕፍቴን ማለት ጀመርኩና ጓድ አበራ ቀና ሲል ደንግጬ ለቀበሌው ቤተ መጻሕፍት ሰጠኋቸው። ስለ ሞቴ ያዘንኩት ያን ጊዜ ነው።

ንብረቴ በዚህ አለቀ። ሰዉ ግን አሁንም ይጠብቃል፤ የሚሞት ሰው ሳይመርቅ አይሞትማ። እጄን አነሣሁ።

«የፈራችሁት አይድረስባችሁ» አልኩ።

«አሜን» አሉ።

እንዴት ያለ አሜን መሰላችሁ። አሥራ ዘጠኝ ሰው አንድ ዓመት ተኩል የዋጠውን በአንድ ጊዜ አወጣው፤ በካድሬ ፊት፣ በቀን ብርሃን፣ በሕጋዊ መንገድ። የመስኮቱ መስተዋት ተንቀጠቀጠ። እትዬ ዘነቡ ሳይቀሩ ደነገጡ።

«ልጆቻችሁ ይውጡላችሁ።»

«አሜን።»

ሰዎቹ ያለቅሱ ጀመር። እኔም ሆዴ ባባ፤ ለመሞት የቀረኝ ጥቂት መሰለኝ። ብርቱካኑን፣ አጥሚቱን፣ ወጌሻውን አሰብኩ። እውነቱን ለመናገር ከወጌሻው በቀር ሁሉም ደስ ብሎኝ ነበር።

«ስትታመሙ ጠያቂ አትጡ» አልኩ።

«አሜን።»

ብዕሩ ቆመ። ሌላውን ሁሉ ሲጽፍ የነበረ ሰው ይህችን አልጻፋትም። ደብተሩን ከደነና አናጺው ይቅር፣ ሌላው ሰው ይውጣ አለ። እትዬ ዘነቡ ሲወጡ ሬዲዮኑን በመንገዳቸው አነሡት።

ሦስታችን ቀረን።

«ተነሥ» አለኝ።

«ወገቤን ጓድ…»

«ማክሰኞ ዕለት ለአውቶቡስ ስትሮጥ አይቼሃለሁ። ደርሰህበታል።»

ተነሥቼ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ሲታጠፍ መጽሐፉ ተንሸራቶ መሬት ላይ ዱብ አለ። ጋሽ ዳና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጓድ አበራ ወደ ታች አየው። ከዚያ በጫማው ጫፍ ወደ አልጋው ሥር ገፋ አደረገው፤ ከዓይን እስኪሰወር ድረስ።

«ስንት ሰው ነው የሚመጣው?» አለ።

«አሥራ ዘጠኝ» አሉ ጋሽ ዳና። መዋሸት አይችሉም ብያችኋለሁ።

«ለውሸት ወገብ አሥራ ዘጠኝ ሰው» አለ ለራሱ። መስኮቱን እያየ ነው የቀጠለው። «እናቴ ከተኛች ስምንት ወሯ ነው። ግራ ጎኗ አይታዘዝላትም። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው ያለነው፤ ሰው ሁሉ ያውቃል። በስምንት ወር ደጃችንን የረገጠ አንድ ሰው የለም።» ደብተሩን ኪሱ ከተተ። «እሷን ጠልቶ አይደለም። እኔ ስላለሁ ነው።»

እኔም ከዚያ ደጅ መንገድ አቋርጠው ከሚያልፉት አንዱ ነበርኩ።

ተነሥቶ በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ። «ጋሽ ዳና፣ ከሚመጣው እሁድ ጀምሮ ሰዎችዎን ይዘው ይጠይቁልኝ። ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እኔ ስብሰባ አለኝ፤ ቤት አልኖርም።» ሲገባ «አንተ አናጺ» ብሎ የነበረ ሰው ነው። ከወጣ በኋላ ደግሞ ጭንቅላቱን መልሶ አስገባና፣ «ኦርቶዶክስ ናት። እንዳትነዘንዟት» አለ።

በሳምንቱ ውስጥ ተጨቃጨቅን። ግማሹ ወጥመድ ነው አለ፤ ሃያችንን በአንድ በር አስገብቶ በአንድ ቁልፍ ሊዘጋብን ነው። እኔ ከግማሹ ጋር ነበርኩ፤ ስለ ወጥመድ ብዙ ስላነበብኩ ለሁለት ሰዓት ያህል አስረዳኋቸው። ጋሽ ዳና እስክጨርስ ጠብቀው፣

«ወጥመድም ቢሆን ሴትዮዋ ታመዋል» አሉ።

ሌላ ምስማር አላስፈለገም።

እሁድ ሄድን። በሠፈሩ መሐል በሁለት እግሬ ስሄድ ሰው ቆሞ ያየኛል። እትዬ ዘነቡ ተአምሩን ለወጌሻቸው ሰጥተውት ነበር፤ እስከ ቄራ ድረስ ስሙ ወጥቶ ያን ሰሞን ስንቱ ወገብ ቋ እንዳለ እግዜር ይቁጠረው። ሬዲዮኑን ስጠይቃቸው እስክትሞት ድረስ እኔ ጋ ቢቀመጥ ምን አለበት አሉኝ።

የጓድ አበራ እናት እማማ በላይነሽ ትንሽ ሴት ናቸው፤ አልጋው ውስጥ ተፈልገው ነው የሚገኙት። ሃያ ሰው ብርቱካን ይዞ በሩን ሞልቶ ሲያዩ አንድ በአንድ አዩንና ወደ ጣሪያው ዞሩ።

«ምነው፣ ሞቻለሁ እንዴ?» አሉ።

ተቀመጥን። በሩ አልተቆለፈብንም። ማንም አልመጣም። ጋሽ ዳና ወደ እኔ ዞሩና፣ ለካ አልረሱትም፣ «ዛሬ ተራው ያንተ ነው» አሉኝ። ሠላሳ ስምንቱን ገጽ ከብብቴ አወጣሁ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። የመጀመሪያውን ገጽ አንብቤ ወደ ሁለተኛው ስሻገር እማማ በላይነሽ በደህናው እጃቸው እጄን ያዙኝ።

«የማን ልጅ ነህ አንተ?» አሉ። «ጠያቂ እኮ ወሬ ነው ይዞ የሚመጣው። ማን ወለደ፣ ማን አገባ? ስምንት ወር ሙሉ የሰማሁት የልጄን ዝምታ ነው። አንተ ደግሞ ጭራሽ ይኼንን ታነብልኛለህ!»

ሴቶቹ ወሬውን ተቀበሏቸው። ወዲያው ቤቱ ሞቀ፤ የስምንት ወር ልደትና ሠርግ በአንድ ከሰዓት ተዘረገፈ። እኔ ወረቀቴን ይዤ ተቀምጬ፣ ንባቤን ያልወደደ ሰው ላይ የማደርገውን አደረግሁ፤ በጥርጣሬ አየኋቸው። ሳያቸው ፊታቸው ቅጭም ይላል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ቅጭም ይላል። ያንን ቅጭምታ አውቀዋለሁ። ተረከዝ ነው። ሳይገላበጥ የተኛ ሰው መጀመሪያ የሚያመው ተረከዙ ነው፤ ቀጥሎ ከዳሌ በላይ አንሶላው የተጨማደደበት ቦታ። ተነሥቼ ነጠላ አጥፌ ከተረከዛቸው ሥር አደረግሁ፣ አንሶላውን ሳብኩ፣ ትከሻቸውን ይዤ ትንሽ ወደ ቀኝ አዞርኳቸው። እማማ በላይነሽ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

«አንተ ማን ነገረህ?» አሉኝ።

ከሃያችን ውስጥ ተኝቶ የሚያውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሳዞራቸው ግን አልጋው ተንገዳገደ። ጋሽ ዳና ይህን ሰምተው ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም። ተንበርክከው ከሥር አዩት፤ አንደኛው እግሩ አጥሯል። የሚወተፍ ነገር ፈልገው ዙሪያውን ቃኙ፤ እንጨት የለ፣ ካርቶን የለ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው እጄ ላይ አረፈ። እጃቸውን ዘረጉ።

ሠላሳ ስምንት ገጽ ለአራት ሲታጠፍ ከአልጋው እግር ሥር ልክ ገባ።

እማማ በላይነሽ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ኖሩ። እኛም ሦስት ዓመት ሙሉ፣ እሁድ እሁድ፣ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት፣ የሠፈሩን ወሬ ነግረን ከጨረስንላቸው በኋላ እሳቸው ሲያንቀላፉ በከንፈራችን እየዘመርን እዚያው ተሰበሰብን። እኔ ሰብኬ አላውቅም፤ ሥራዬ ማገላበጥ ነበር። ጓድ አበራም አንድ ቀን ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት መጥቶ አያውቅም። ስለ ትሕትና ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰባኪ ሰምቻለሁ፤ አንዳንዶቹ ከእኔም ያስረዝሙታል። አልጋ ቀጥ አድርጎ ያቆመ ግን አልገጠመኝም።